ቦዩ መጀመሪያ በአንቺ ደጅ ያልፋል

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
መስከረም 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ እንጀራ እናት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽን፣ ሥራሽን፣ የወገብሽንም ነገር እጠይቃለሁ። ሆስፒታል በሽተኛ ስታነሺ ወገብሽን እንደቀጨሽ ልጄ እንቁ ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ፣ ለእሱ ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ። ቤቱ ግን ገና አልደረቀም። አከራዬ አንድ ትልቅ ማራገቢያ አምጥቶ ግድግዳው ላይ ደቅኖ ሄዷል፤ ቀን ከሌት ያጓራል። ይህንንም የምጽፍልሽ እሱ እያጓራብኝ ነው።

ደብዳቤ ሲደርስሽ እንደምትገረሚ አውቃለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ከፍ ይልብኛል። ቴክስት እንዳላደርግልሽ አንቺ ለሁሉም ነገር ያቺን አውራ ጣት ትልኪያለሽ፤ ይሄ ደግሞ በአውራ ጣት የሚመለስ ነገር አይደለም። ስምሽን ባለመጻፌ ቅር አይበልሽ። ልጄ «አንቲ እንዲህ አለች፣ አንቲ እንዲያ አደረገች» ስትል ስለምትውል ያንቺ ነገር በቤቴ ሞልቶ ተርፏል።

ባልሽ ዳኛቸው ባለፈው ሳምንት ያነሳውን ታውቂዋለሽ፦ እንቁ ከሰኞ እስከ ዓርብ እናንተ ጋ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እኔ ጋ ትሁን ነው የሚለው። እስካሁን የነበረው ይገልበጥ ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሴንቴኒያል ያለው ቤታችሁ ሰፊ ነው አለኝ። ቀጠለና የእኔ ቤት እርጥበት ለደረቷ ጥሩ አይደለም አለ። ይሄ አልበቃው ሲል፣ ኮሜርስ ሲቲ የምሠራበት መጋዘን የማታ ሺፍት ስላስገባኝ ልጅቷ ብቻዋን ታመሻለች አለኝ። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ይህ ደብዳቤ ለዚያ ጥያቄ መልስ አይደለም። እንደዚያ መስሎሽ ከሆነ አጥፈሽ አስቀምጪው።

ደብዳቤው ስለ ቅናት ነው። ቀንቼብሻለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት። በዳኛቸው እንዳይመስልሽ። እሱን ያገኘሽው ከተፋታን በኋላ ነው፤ ከነማንኮራፋቱ ይባረክልሽ። ከቤትሽ ጋር በተያያዘው በዚያ ሰፊ ጋራዥሽ ትንሽ ቀንቻለሁ፤ አልዋሽም። የሚያንገበግበኝ ግን የልጄ ነገር ነው። በመጀመሪያ በወር አንድ ቅዳሜ አላችሁ፣ ቀጥሎ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ የክረምት እረፍት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔንም እያሳሳቀኝ ነው የወሰደብኝ።

ሁሉንም ያባባሰው ያ የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ነሐሴ ላይ ቲቸሯ ልጆቹ ከጥንት የወንዝ ዳር ሥልጣኔዎች አንዱን እየመረጡ ሞዴል እንዲሠሩ አዘዘቻቸው። ወንዙና መሬቱ ሰዎቹን እንዴት እንዳኖራቸው፣ ሰዎቹም በበኩላቸው ምን እንደፈጠሩ ማሳየት አለባቸው። ሌሎቹ ጤግሮስና ኤፍራጥስን ሲሻሙ የእኔ ልጅ ግብፅን ያዘች። አባይን ማለት ነው! እኔ የደጀን ልጅ ነኝ። ሸለቆውን ቁልቁል እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ክረምት ላይ የእኛን አፈር ተሸክሞ ቀልቶ ሲወርድ አውቀዋለሁ። አንቺ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አባይን ያየሽው በአውቶቡስ መስኮት ነው፣ ያውም እንቅልፍ ካልወሰደሽ። እንግዲህ ይሄኛው እንኳ የእኔ ነው አልኩ በሆዴ።

እንቁ ስታስረዳ በእጇ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን ዘርግታ ጀመረችኝ። ማሚ እዪ፣ ይሄ ወንዙ ነው፤ በዚህም በዚያም ዴዘርት ስለሆነ ጠላት ዝም ብሎ አይገባም አለችኝ። ወንዙ ወደ ሰሜን ሲፈስ ነፋሱ ወደ ደቡብ ስለሚነፍስ፣ ጀልባው ሲወርድ በውሃው ሲመለስ በሸራው ይሄዳል። ጎርፉ በየዓመቱ ጥቁር ጭቃ ጥሎላቸው ይመለሳል፤ የእርሻውን ድንበር ስለሚያጠፋባቸው መሬት መለካት ተማሩ። ውሃውን ወደ ላይ ለማውጣት ረጅም እንጨት መሀሉ ላይ ደግፈው ባንዱ ጫፍ ባልዲ፣ በሌላው ጫፍ የጭቃ ድብልብል አሰሩበት፤ ሻዱፍ ይሉታል። ጎርፉ የሚመጣበትን ጊዜ ለማወቅ ደግሞ ቀን ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ቀን፣ ከዚያ የተረፉ አምስት ቀኖች።

እዚህ ላይ ከወንበሬ ተነሳሁ። ጳጉሜ! አልኳት። የእኛው ጳጉሜ ናት እኮ! አሥራ ሦስት ወር እንዳለን ስንት ዓመት ስነግራት ጆሮ ሳትሰጠኝ ኖራ፣ በመጨረሻ ከትምህርቷ ጋር ገጠመልኝ ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። እሷ ግን ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ «ኦ፣ አይ ኖው፤ አንቲ ነገረችኝ እኮ» አለችኝ።

ጳጉሜን እንኳ ቀደምሽኝ! ሌላው ቢቀር ጳጉሜን ለእኔ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት? ያን ቀን ራት አቅርቤላት እኔ ሳልበላ ተነሳሁ። ራሴን አሞኛል አልኳት፤ እሷም «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» አለች። ይህንን ልብ በይ፦ እንቁ አንድ ጊዜ እሺ ካለች እሺ ማለቷ ነው። ሦስት ጊዜ ካለች ግን ሆዷ ተረብሿል። ይህንን እንኳ አታውቂውም ብዬ ነበር የምጽናናው።

በማግስቱ ጭቃ ማቡካት ጀመርን። እኔ ለካ የዚህን አገር አፈር አላውቀውም። ከአትክልት መሸጫ አንድ ከረጢት አፈር ገዝቼ፣ ከመጋዘኑ ባመጣሁት ካርቶን ላይ ሸለቆውን አበጀሁና ጎርፉን ከማንቆርቆሪያ ለቀቅኩበት። አፈር የመሰለኝ ነገር ለካ የተፈጨ የዛፍ ልጣጭ ኖሯል፤ ሁሉም ተንሳፈፈ፤ ካርቶኑም ራሰና ተቀደደ። እንቁ በሳቅ ወለሉ ላይ ወደቀች። «ማሚ፣ ግብፅ ፍሎት እያደረገች ነው!» እያለች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ አልሳቅንም።

ከዚያ ወደ ሃይላይን ካናል ይዛኝ ሄደች። ከቤታችን ጀርባ የሚያልፈው ያ የድሮ ቦይ እኛ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰው ውሻውን ይዞ የሚሮጥበት ነው። ወርደን ወለሉን ስንጭር ያጣብቃል፤ እንደ እኛ አገር ዋልካ። ዳር ዳሩን የደረቀ ሣር አጭደን ቀላቀልንበት። ውሃው ለምን እዚህ አይደርስም ስላት፣ ቦዩ የተቆፈረው ለጥንት ገበሬዎች እንደሆነ፣ ከተራራው ተነስቶ በእናንተ በኩል እንደሚመጣ ነገረችኝ። «መጀመሪያ በአንቲ ሰፈር ነው የሚያልፈው፤ እኛ መጨረሻ ላይ ነን» አለችኝ። ልጅ ናት፤ የምትለው ምን እንደሚያደርገኝ አታውቅም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቦዩ እንኳ መጀመሪያ በአንቺ ደጅ ያልፋል!

ያም ሆነ ይህ ያ ጭቃ ያዘልን። ሸለቆውን በትልቅ የመጋገሪያ ትሪ ላይ ሠራነው፤ ቦዮቹን በማንኪያ ጀርባ ቆፈርናቸው፤ ውሃ ስንለቅበት ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሄደ። እንቁ ቲቸሯ ያለችውን የነገረችኝ ያኔ ነው። ሰዎቹ ስለተዋደዱ አይደለም አብረው የኖሩት፤ ቦዩን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ስለማይቆፍረው ነው። አንዱ ከቀረ ሁሉም ይራባል። እኔ እንኳ ያን ጊዜ ልብ ብዬ አልሰማኋትም፤ የሻዱፏን እግር እያቆምኩ ነበር።

የዘመን መለወጫ ረቡዕ ዋለ። በስምምነታችን መሠረት እንቁ እኔ ጋ ነበረች። ዳኛቸው እንኳን አደረሳችሁ ሊል ደወለና፣ ስፒከር ላይ እንዳለ ሳያውቅ፣ ሞዴሉ ጋራዥ ውስጥ ተሠርቶ አልቋል፣ ቀለሙም ደርቋል፣ ዓርብ ጠዋት በመኪና አደርስልሻለሁ አላት። ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። ለካ ሁለት ግብፅ ኖሯል። አንዱን ከአንቺ ጋር በእንጨት፣ በቀለም፣ በዚያ በትኩሱ በሚለጠፍ ሙጫ ስትሠራ፣ ሌላውን ከእኔ ጋር በጭቃ። አንዳችንንም ላለማስቀየም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለት ወንዝ ተሸክማ ኖራለች።

የትኛውን ነው የምታቀርቢው አልኳት። በዘመን መለወጫ ዕለት፣ በአዲስ ቀሚሷ እንደቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ይጠየቃል? ጠየቅኋት። «የአንቲው ያምራል። ግን ወንዙ ቀለም ነው፤ ውሃ አያልፍም። ያንቺው ውሃ ያልፋል። ግን ያፈስሳል» አለችኝ። ከዚያ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ እኮ ምንም አላዘዝኳትም ነበር።

ሐሙስ ዕለት የሆነውን አንቺም ነበርሽበት፤ ግን እኔ ከቆምኩበት ሆነሽ አላየሽውም፤ ስለዚህ ልንገርሽ። ሰማዩ ተቀደደ። እኔ ፍራሽ ሳነሳ እንቁ ለአንቺ ደውላልሻለች። ለእኔ ሳትነግረኝ። ከመሬት በታች፣ ቤዝመንት ውስጥ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ውሃው በደረጃው እንደ እንግዳ ነው የገባው። መንገዱ ሁሉ ተጥለቅልቆ እያለ ከሴንቴኒያል እንዴት እንደደረስሽ እስካሁን አልጠየቅኩሽም። የሆስፒታል ጫማሽን አውልቀሽ፣ ሱሪሽን ሰብስበሽ ደረጃው አናት ላይ ቆምሽ። እኔ ከታች እቀዳለሁ፣ እንቁ መሀል ደረጃው ላይ ሆና ታቀብላለች፣ አንቺ ትደፊያለሽ። ሰላም እንኳ አልተባባልንም። ባልዲው ሲሄድና ሲመለስ ብቻ እንተያያለን።

ከዚያ ነጎደ። እንቁ ነጎድጓድ ትፈራለች፤ ለማንም ግን አትናገርም። አሥራ ሁለት ሊሞላት ነው፤ ታፍራለች። ስትፈራ ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ ታዜማለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ዓይነት ዜማ ነው፣ የማን እንደሆነ አላውቀውም። የሰማት ሰው ደስ ብሏት ይመስለዋል። አባቷ እንኳ በስንት ዓመቱ አልደረሰበትም። ያን ቀን ማዜም ስትጀምር ባልዲዬን ጥዬ ልወጣ አንድ እግሬን አነሳሁ። አንቺ ቀድመሽ ወርደሽ ነበር። በእሷና በመስኮቱ መሀል ገብተሽ፣ ራሷን ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ምንም ሳትጠይቂያት አብረሻት አዜምሽ። ያንኑ ዜማ።

ማን ነገረሽ? እሷ እንደማትነግርሽ አውቃለሁ። አይተሽ፣ ሰምተሽ፣ ራስሽ ነው የደረስሽበት። እንደዚያ ለማወቅ ደግሞ ምን ያህል ልጅቷን ማየት እንደሚያስፈልግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሃው ጉልበቴ ደርሶ፣ ባዶ ባልዲ ይዤ ቆሜ አየኋችሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ክፉ ሆነሽ ብትመቺያት ይሻለኝ ነበር? እሱንም አልፈልግም። አንጀቴ እያረረ ደግሞ ትንፋሼ መለስ አለልኝ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ምን ላውጣልሽ አልሽኝ። የሰነዶቼን ቦርሳ አልኩሽ። እሱን ለእንቁ አሸክመሽ፣ አንቺ ከጠረጴዛው ላይ የጭቃ ትሪውን አንስተሽ በራስሽ ጃኬት ሸፈንሽው፤ ካፊያው ራስሽ ላይ እየወረደ። ማን ጠየቀሽ? ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺም ዞር ብለሽ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ «ውሃ የሚያልፍበት ይሄ ብቻ ነው» አልሽኝ። ያንን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት!

ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ማቅረቡ ወደ ሰኞ መተላለፉ ጠቀማት። ቅዳሜና እሁድ ጋራዥሽ ውስጥ ያደረጋችሁትን በፎቶ አየሁት። ያንቺ እንጨት ከሥር ገብቷል፤ እንዳያፈስስ። የእኔ ጭቃ ከላይ። የሻዱፏ ዘንግ ያንቺ፣ ጫፉ ላይ ያለው ድብልብል የእኔ ነው፤ የአውራ ጣቴ ምልክት አለበት። ባልዲዋ ስትወርድና ስትወጣ የሚያሳየውን ቪዲዮ ብዙዬ፣ የሥራ ጓደኛዬ፣ በምሳ ሰዓት ደጋግማ አሳየችኝና፣ አንቺ ሴትዮ ይሄ ያስለቅሳል እንዴ? አለችኝ። የሽንኩርት ነው አልኳት። እኛ መጋዘን ደግሞ የሚታሸገው ጫማ ነው።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው። አሁን ጥቂት ጉዳዮች አሉኝ።

የክረምት ጃኬቷን፣ ቦቲዋንና ጋቢዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ብዙዬ ናት የምታደርስልሽ። ገና መስከረም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን። ጋቢው የእናቴ እጅ ሥራ ስለሆነ ማሽን ውስጥ እንዳታስገቢው። ፀጉሯን ደረቁን አታበጥሪባት፤ ቅባቱን ነክተሽ ከጫፉ ጀምሪ፤ አያመኝም ብትልሽ አትመኛት። ሳሏ ጠዋት ጠዋት ነው የሚብሰው፤ ለብ ያለ ውሃ በማር ስጫት። ዕንቁላል ከሸተታት አትበላም፤ ሽንኩርት ካበዛሽበት ግን ሳታውቅ ትጨርሰዋለች። ተኝታ አንድ እግሯን ከብርድ ልብሱ ታወጣለች፤ ስትሸፍኚላት መልሳ ታወጣዋለች፤ ተያት። ምናልባት ይሄንንም ሁሉ ደርሰሽበት ይሆናል። ነጎድጓዱንስ ማን አስተማረሽ?

ትምህርት ቤቷን ግን አትንኩባት። ጓደኞቿ እዚህ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጥቂት መንዳት ያን ያህል አይጎዳሽም። ዳኛቸው አደርሳለሁ ካለሽ እሺ በዪው፤ አንቺ ግን ተዘጋጅተሽ ጠብቂ፤ እሱ ሰዓት ላይ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ነገ እሁድ ልወስዳት አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ግን እደውላለሁ፤ ለእሷ የምነግራት ነገር አለኝ፤ ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለባት። ስታወራኝ ከአጠገቧ አትራቂ። ሦስት ጊዜ እሺ ካለች ስልኩን ከእጇ ተቀበያትና አቅፊያት። እኔን ደኅና ሁኚ ሳትይኝ ብትዘጊው አልቀየምሽም።

ከእንግዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስዳታለሁ። ከደጅ ነው የምመለሰው፤ ግቢ ብለሽ እንዳትለምኚኝ። ብርዱ ሲጠና እንግዲህ እናያለን።

ውሃው በልኩ ይምጣልሽ፤ አይጥለቅለቅብሽ፣ አይንጠፍብሽም። ወገብሽን ይማርልሽ፤ የተከልሽው ይጽደቅልሽ፤ ከፍተሽ የምትገቢበት ቤት ድምፅ አይጣ። ያን ቀን እኔ ጋ ስለቀረው ጃኬትሽ ይቅርታ፤ ጭቃው አልለቀቀም፤ ሁለት ጊዜ አጥቤው እምቢ ብሎኛል። ከእንቁ ልብስ ሥር አድርጌ ልኬዋለሁ።

የልጅሽ እናት